ሁለት ማዶ

የሸዋ ሰው ጎጃምን «ዓባይ ማዶ» ይለዋል፤ የጎጃም ሰው ደግሞ ሸዋን «ዓባይ ማዶ» ይለዋል። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገር ግራ ያጋባኝ ነበር። ማዶ ማለት እኔ የሌለሁበት ዳር ነው ብዬ ስለማምን፣ እኛም ለሌላው ማዶ ልንሆን እንደምንችል አልገባኝም።

ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ይነሣል። ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ይገባል፤ ባሕር ዳር ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ፣ መልሶ ወደ ምዕራብ እየተጠማዘዘ ጎጃምን እንደ ቀለበት ከብቦ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ሸዋ፣ ወደ ወሎ ወይም ወደ ወለጋ የሚሄድ ሰው የሆነ ቦታ ላይ ዓባይን መሻገሩ አይቀርም። ደሴት ነው እንዳይባል በስተምዕራብ ቆላው ክፍት ነው፤ አይደለም እንዳይባል ደግሞ በሦስት በኩል ገደል ነው። እንግሊዞች ስለ ራሳቸው ለዘመናት ሲከራከሩበት የኖሩትን ጥያቄ፣ ማለትም አውሮፓ ውስጥ ነን ወይስ አውሮፓ አጠገብ የሚለውን፣ ጎጃም በራሱ ወንዝ ዳር ሲኖረው ከርሟል። የሚገርመው ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ጊዜ ቡሬ ላይ ፊት ለፊት መገናኘታቸው ነው። እዚያ እስክንደርስ ግን ከሥሩ እንጀምር።

ከሥሩ ስል ከድንጋዩ ማለቴ ነው። የጎጃምና የሸዋ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ አፍስሶ ያነጠፈው አንድ ወለል ነበር። ወንዙ የመጣው ኋላ ነው። ከደጄን ቁልቁል የወረደ ሰው ላዩን ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለውን የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያም በታች ቀዩን የአሸዋ ድንጋይ እያየ ይወርዳል። ታች ደርሶ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ያንኑ በተቃራኒው ቅደም ተከተል ያገኘዋል፤ በቢላ የተከፈለ ድፎ ዳቦ ሁለቱን ፊት እንደማየት ነው። እንግሊዝም እንዲሁ ነች። የዛሬ 8,000 ዓመት ገደማ ባሕሩ ከፍ ብሎ ቆላውን እስኪያጥለቀልቀው ድረስ ሰው ከአሁኗ ሆላንድ አካባቢ ተነሥቶ በእግሩ ይደርስባት ነበር። ዛሬም ከዶቨር እስከ ካሌ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዶቨሩ ነጭ ገደል በፈረንሳይ ዳርቻ ወንድም አለው። ድንጋዩን ዳኛ ብናደርገው ሁለቱም ሙግቶች በአንድ ቀን ባለቁ ነበር።

ሰው ግን ድንጋይን ለምስክርነት አይጠራም። አፄ ዓምደ ጽዮን በ1309 ዓ.ም. አካባቢ በዘመቱበት ጊዜ ጎጃምና ዳሞት ሁለት የተለያዩ አገሮች ነበሩ፤ ዳሞትም የነበረው ከዓባይ በስተደቡብ ነው። ዛሬ የቡሬ ሰው ራሱን ዳሞት ብሎ የሚጠራበት ስም የተሻገረ ስም ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኦሮሞ ወደዚያ ሲስፋፋ የዳሞት ሕዝብ ከነስሙ ዓባይን ወደ ሰሜን ተሻገረ፤ የጋፋት ሕዝብም አብሮት። ከአገው ጋር እየተጎራበተና እየተጋባ እዚያው ቀረ። የጋፋት ቋንቋ ቀስ በቀስ በአማርኛ ተዋጠ፤ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1930ዎቹ መጨረሻ ሲፈልገው የሚናገሩት አራት ሰዎች ብቻ ቀርተው አገኘ። እንግዲህ «እኛ ከዚህ ማዶ ነን» የሚለው የዳሞት ሰው አያቱ ከዚያ ማዶ የመጣ ነው። እንግሊዞችም ስማቸውን ያገኙት ባሕር ተሻግረው ከጀርመን ምድር ከመጡ ነገዶች አይደል?

መሻገር ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። በክረምት ዓባይ ይሞላል፤ ጎጃም ለሦስት ወር በሩን ይዘጋ ነበር። በበጋም ቢሆን ነጋዴው ጥጡንና ጨውን በተነፋ አቁማዳ ላይ አስሮ፣ በቅሎውን እያዋኘ፣ አዞ እየፈራ ነበር የሚሻገረው። ወዲያ ማዶ ሲወጣ ደግሞ ኬላ ይጠብቀዋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኙ የድንጋይ ድልድዮች አሠሩ፤ አንዱ ጢስ ዓባይ አጠገብ፣ ሌላው ወደ ሞጣ በኩል ነው። የሞጣው በጣልያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ተሰበረና «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ይታሰር ነበር። ከወዲህ ያሉ ጎረምሶች ገመዱን ይለቁለታል፣ ከወዲያ ያሉት ይስቡታል፣ እሱ በመካከል በጎርፉ አናት ላይ ይንጠለጠላል። አሳሪዎቹ የጎጃም፣ ሳቢዎቹ የበጌምድር ሰዎች ናቸው። በዚያች ቅጽበት የየት አገር ሰው ነህ ብሎ የሚጠይቀው ያለ አይመስለኝም።

ወደ ግሽ እንመለስ። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በ1610 ዓ.ም. ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ ምንጩን አየ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ጄምስ ብሩስ የሚባል ቁመተ ረጅም ስኮትላንዳዊ እዚያው ደረሰ፤ ከእኔ በፊት ማንም አልደረሰም ብሎም በጽኑ ያምን ነበር። በኮኮናት ቅል ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ለጆርጅ 3ኛ ጤንነት ጠጣ። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ ግሽ ላይ ግን ምንጩም ዓባይ ስለሆነ ብሩስን በተረቱ መውቀስ አይቻልም። አገሩ ሲመለስ ብዙዎች አላመኑትም፤ የለንደን ሰው የዚህን ስኮትላንዳዊ ወሬ ሰምቶ ሳቀበት። ብሩስ በገዛ ደሴቱ ላይ ማዶ ነበር ማለት ነው። ይህን ኋላ ላይ እናስታውሰዋለን።

በዘመነ መሳፍንት ጎጃም ቀለበቱን እንደ ቅጥር ተጠቀመበት። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና ልጃቸው ብሩ ጎሹ ከጎንደር ጋር ሲፈልጉ ይስማማሉ፣ ሲከፋቸው ወንዛቸውን ተሻግረው አገራቸው ይገባሉ። ቅጥሩ ግን ሰውን ከመውጣት አያግድም፤ ጎሹ በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከካሣ ጋር ገጥመው ሞቱ። ካሣ ቴዎድሮስ ሆነው ከነገሡም በኋላ ተድላ ጓሉ ጎጃም ላይ ሸፍቶ እስከ መጨረሻው አልገበረላቸውም።

ከዚያ ራስ አዳል መጡ። አፄ ዮሐንስ በጥር 1873 ዓ.ም. «ንጉሠ ጎጃም ወካፋ» ብለው ተክለ ሃይማኖት አሰኟቸው። ማዕረጉን ልብ በሉት፤ ካፋ ከዓባይ በስተደቡብ ብዙ ቀን መንገድ ነው። ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝባዱ ንግድ ከዚያ ይመጣል፤ በጎጃም ገበያዎች አልፎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ወንዙ ቅጥር ብቻ ከሆነ ያገር ገበያ ይሞታልና ንጉሡ ተሻገሩ። ምኒልክም ያንኑ አገር ፈለጉ። ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖት ተሸንፈው ተማረኩ። ከዓባይ ወዲያ ያለው የጎጃም ሕልም እዚያ ሜዳ ላይ ቀረ። በ1881 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ አፄ ዮሐንስ በንጉሡ ስለተጠራጠሩ ጎጃምን በጦር አስመዘበሩት። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. የካቲት፣ የጎጃም ሠራዊት ከነንጉሡ ዓድዋ ላይ ነበር። እኔ ጎጃም የኢትዮጵያ አካል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ክርክር አላበዛበትም፤ እነዚህን ሁለት ዓመተ ምሕረቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አሳየዋለሁ። መዝባሪውም ዘማቹም ያው ቤት ነው፤ ቤተ ዘመድ ደግሞ በደህና ጊዜ ብቻ አይለካም።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሲሞቱ ምኒልክ ጎጃምን ከፋፈሉት። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ያለ እንግሊዝ ፈቃድ ዓባይን የሚገድብ ሥራ ላለመሥራት ተስማሙ። ስለዚህ የግሽ ውኃ ጉዳይ ለንደን ላይ የሚወሰን ሆነ። የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ ግን የአባታቸውን አገር ቀስ በቀስ መልሰው ያዙ። በ1916 ዓ.ም. ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓ ዞረዋል፤ ለንደንንም አይተዋል። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከእስር ለማስመለጥ ረድተዋል ተብለው ሲሻሩ በቦታቸው የተሾሙት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ የሸዋ ሰው። በዚያ ቀን የጎጃም ገዢ ከማዶ የተላከ ሆነ።

በዚያው ዘመን ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ነበር። ሻለቃ ቺስማን ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀምጦ የዓባይን ዙሪያ በበቅሎ እየዞረ ካርታ ላይ አሰፈረው። እስከዚያ ድረስ የሸለቆው መንገድ በካርታ ላይ ነጭ ባዶ ነበር። ቀለበቱን መጀመሪያ በወረቀት ላይ የዘጋው የሌላ ደሴት ሰው መሆኑ ደስ ይለኛል።

አሁን ቡሬ ደርሰናል። ጣልያን ጎጃምን ያዘ ሲባል ምሽግና መንገድ ያዘ ማለት ነው፤ ገጠሩ የአርበኛው ነበር። በዳሞትና በአካባቢው ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቅ ጎጃም በላይ ዘለቀና ደጃዝማች ኃይሉ በለው ነበሩ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመሩት አነስተኛ የእንግሊዝ ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ በዚያ ክፍት በሆነው የምዕራብ ቆላ በኩል ገባ። ሳንድፎርድ ኢትዮጵያ ውስጥ በእርሻ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አገሩን ያውቁታል። ያ ነሐሴ ለእንግሊዝ ምን ዓይነት ነሐሴ እንደነበር ይታወቃል። ፈረንሳይ ወድቃለች፣ አውሮፓ በሂትለር እጅ ነው፣ የደቡብ እንግሊዝ ሰማይ በአውሮፕላን ጦርነት ታርሷል። ደሴቲቱ አውሮፓ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አጥታው ነበር። ያን ጊዜ ነው ጥቂት መኮንኖቿ ጎጃም ዳገት ላይ የተገኙት።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት የተመለሱት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ፣ የቀድሞው ራስ ተፈሪ፣ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ አቆሙ። ኦርድ ዊንጌት የሚባለው መኮንን ጦሩን በመጽሐፍ ቅዱሱ ሰው ስም «ጌዴዎን» አለው፤ በጥቂት ሰው ብዙ ጦር ያሸነፈው ማለቱ ነው። ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ወታደሮች የተውጣጣ፣ ሁለት ሺህ ያህል ሰው ነው። ዕቃውን የተሸከሙት 15 ሺህ ያህል ግመሎች ነበሩ። ግመል ቆላ ላይ ንጉሥ ነው፤ የበላያን ተራራ አልፎ ወደ ደጋው ሲወጣ ግን ብርዱና ዳገቱ ገደለው። በመንገዱ ዳርና ዳር የግመል ሬሳ ተዘረጋ፤ የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው።

ቡሬ ላይ ጣልያን ከጌዴዎን ብዙ እጥፍ ሠራዊት ነበረው። ዊንጌት ምሽጉን ፊት ለፊት አልገባበትም። ሌሊት ሌሊት ወዲያና ወዲህ እየተኮሰ ብዙ ሰው አስመሰለ። ጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር ደግሞ ድምፅ ማጉያ አምጥቶ ምሽጉ ትይዩ ተከለ። ካርቱም ላይ በአማርኛ የታተመ «ባንዲራችን» የሚል ጋዜጣም ይበተን ነበር። ይህን ነገር ሳስብ ምሽግ ውስጥ ያለው የአገሬው ተወላጅ ባንዳ ይታየኛል። ጨለማ ነው፤ ከዋርካው በስተጀርባ የሆነ ድምፅ በገዛ ቋንቋው ንጉሥህ መጥቷል፣ ወንድምህ ወዲህ ነው ይለዋል። ወዲህ የት ነው? ምሽጉ ውስጥ ያለው እሱ ነው ወይስ ውጭ ያለው? ብዙዎች ከዱ። የካቲት 25 ቀን የጣልያኑ ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቆ ወደ ማንኩሳና ደምበጫ አፈገፈገ፤ በመንገዱም ላይ ደምበጫ አቅራቢያ ሰፍሮ የነበረ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ሳያስበው ገጥሞት ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ጀግንነት ሁሉ በዕቅድ አይሄድም።

ንጉሠ ነገሥቱ ቡሬ ሰፈሩ፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ። ወጀት ይባል የነበረው ቦታም ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ከንጉሠ ነገሥቱ ተቀበለ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዙፋናቸው የተመለሱበት መንገድ ከሸዋ ወደ ጎጃም ሳይሆን ከጎጃም ወደ ሸዋ ነው የተሻገረው። በዚያ ዓመት ማዶው ሸዋ ነበር።

ሰላሙ ግን ግብር ይዞ መጣ። ነፃነቱ በተመለሰ ማግሥትም፣ በ1940ዎቹም የጎጃም ገበሬ በግብር ጉዳይ ተነሥቶ ነበር፤ ትልቁ የ1960 ዓ.ም. ነው። በኅዳር 1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ ግብሩን ሲተምን መሬት መታየት፣ መገመት አለበት ይላል። የጎጃም ገበሬ ይህን ሲሰማ የሰማው «ቀላድ»፣ ማለትም የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ነው። ርስቱ የእሱና የዘሩ ነው፤ ከዓባይ ወዲያ፣ በደቡብ፣ ቀላድ የተጣለበት መሬት ለማን እንደተሰጠ ደግሞ ያውቃል። እዚያ ዘምቶ ያየ፣ ሠርቶ ያየ ሰው በየቀበሌው አለ። እንግዲህ ዓባይ ማዶ የተደረገው እዚህ ሊደረግ ነው አለ፤ መሣሪያውን ከሰቀለበት አወረደ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላን መንደር ደበደበ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

በዚያው ኅዳር፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል እንግሊዝ የአውሮፓ የጋራ ገበያ አባል ልትሁን ብላ ያቀረበችውን ጥያቄ ለሁለተኛ ጊዜ ውድቅ አደረጉት። መጀመሪያ በ1955 ሲመልሱት የሰጡት ምክንያት ሲጠቃለል ይህ ነው፤ እንግሊዝ የደሴት አገር ናት፣ ዓይኗ ባሕር ማዶ፣ ጓዟ ሌላ ነው። ደጎል ከዓመት በፊት አዲስ አበባ መጥተው ንጉሠ ነገሥቱ ቤት ተስተናግደዋል፤ ስለ ጎጃም የጠየቃቸው ሰው ቢኖር ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ። እሳቸው በአንድ ነገር አልተሳሳቱም፤ እንግሊዞች በ1965 ገብተው፣ በ1967 ግንቦት በሕዝበ ውሳኔ 67 በመቶው «እንቆይ» ብሎ፣ በሰኔ 2008 ደግሞ 52 በመቶ ያህሉ «እንውጣ» አለ። ስኮትላንድ 62 በመቶ «እንቆይ» ብላ ነበር፤ የብሩስ አገር አሁንም ማዶ ሆና ቀረች። ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ወጡ። የባሕሩ ስፋት በዚህ ሁሉ ጊዜ ክንድ አልጨመረም፣ ክንድ አልቀነሰም።

ጎጃም ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። በ1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ርስተኛው ገበሬ ለእኔ ምን ጨመረልኝ ብሎ ተጠራጠረ። በ1980 ጎጃም ምሥራቅ፣ ምዕራብና መተከል ተብሎ ተሸነሸነ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ መተከል ወደ ሌላ ክልል ሄደ፤ ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ከዚያ በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ መጣ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር ወይም ጸሐፊ የነበረ ገበሬ «ቢሮክራት» ተባለ፤ እንዲቀርለት የተፈቀደው አራት ጥማድ ብቻ ሆነ። እንደ 1960ው መሣሪያ ይነሣል ያለ ሰው ነበር። ገበሬዎቹ ግን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ዓባይን ተሻግረው አቤት ሊሉ አዲስ አበባ ሄዱ። መልስ አላገኙም፤ የታሰሩም ነበሩ። እኔ በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ የውስጥና የውጭ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ሰው የራሱ ያልሆነ ዳኛ ዘንድ አቤት አይልም።

ድልድዩም እየተቀየረ መጣ። ደጄንና ጎሃ ጽዮን መካከል፣ ሸለቆው ሥር፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ 303 ሜትር የሚረዝመው የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን ዕርዳታ ተከፈተ፤ አሮጌው አጠገቡ ቆሞ ይታዘባል። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድም የዳሞት ሕዝብ በመጣበት አቅጣጫ ዓባይን ይሻገራል። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር የሆነው አዲሱ ድልድይ ተመረቀ።

እነዚህ ድልድዮች ባሉበት ዘመን ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ከፊቴ ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ከደጄን ስንወርድ ሙቀቱ እየበረታ ሄደ፤ ጋቢያቸውን አውርደው ጉልበታቸው ላይ አጠፉት። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ሁሉም ወደ ውኃው አንገቱን አሰገገ። እሳቸው ወደ ረዳቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ሸዋ ገባን?»

ረዳቱ ከቀኝ ወደ ግራ አየ፤ የሸለቆው ሁለቱም ገደል አንድ ዓይነት ነው።

«ገባን አባባ፤ ዳገቱ ግን ገና ነው።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሳይለብሱ እንደታጠፈ ያዙት።